የጀልባም ቆዳ ያረጃል
ስለ ፋይበርግላስ ጀልባ አወላወልና አጠባበቅ

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ሲሉ የተናገሩት ለእሳት ብቻ አይደለም። ዕቃ ሁሉ የሚበላሸው በአንድ ቀን ሳይሆን ጥቂት በጥቂት ነውና፤ ባለቤቱ ነቅቶ በጊዜው ካልደረሰለት የኋላ ኋላ በብዙ ድካምና በብዙ ገንዘብም የማይመለስ ይሆናል። ቤት በክዳኑ፣ መጽሐፍ በጥራዙ፣ ጫማ በቀለሙ እንደሚጠበቅ ሁሉ፤ ጀልባም የሚጠበቀው በላይኛው ገጹ ነው። ዛሬ ለአንባቢዎቼ የማጫውተው ስለዚሁ ስለ ጀልባ ገጽ ነው።

ምናልባት «ባሕር በሌለበት አገር ስለ ጀልባ ማውራት ምን ይጠቅማል?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ሐይቅ ያለው አገር ሁሉ ጀልባ አለው። ወደ ባሕር ዳር የሄደ ሰው በጣና ዳርቻ የሚቆሙትን የሞተር ጀልባዎች ያውቃቸዋል። ወደ ክብራን ገብርኤል፣ ወደ ዘጌ ገዳማት፣ ወደ ደጋ እስጢፋኖስ የሚሄደውን ምእመንና አገር ጎብኚ የሚያመላልሱት እነርሱ ናቸው። ከእነዚህም ውስጥ ከብረት የተሠሩ አሉ፤ ከፋይበርግላስ የተሠሩም አሉ። የዛሬው ጨዋታችን ስለ ኋለኞቹ ነው። ብረት ሲታመም ዝገቱ ከሩቅ ይናገራል፤ ፋይበርግላስ ግን የሚታመመው በዝምታ ስለ ሆነ፤ ብዙ ባለቤቶች በሽታውን የሚያውቁት ከረፈደ በኋላ ነው።

እኔ ስለዚህ ነገር ለመጻፍ የተነሣሁት ስለ ተማርሁት ሳይሆን ስለ አጠፋሁት ነው። ይኸንን በመጀመሪያ መናዘዝ ይገባኛል።

በባሕር ዳር የሚኖሩ አንድ አጎት አሉኝ። ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት በአንዲት ሰማያዊ የፋይበርግላስ ጀልባ ነው። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ መጥቶ እንግዳ ሲቀር፤ ያች ጀልባ ከውሃ ወጥታ በዳርቻ ላይ ያለ አንዳች መሸፈኛ ብዙ ወራት ተቀመጠች። ሥራ ሲመለስ ሞተሩ ተነሣ፤ መልኳ ግን አልተመለሰም። ሰማያዊነቷ ጠፍቶ አመድ የተነሰነሰባት መስላ ነበር። እጁን ያሳረፈባት ሰው መዳፉን ሲያነሣ፤ ጠመኔ እንደ ያዘ አስተማሪ በደቃቅ ዱቄት ተሸፍኖ ያገኘዋል። ተሳፋሪውም ወደ ዳርቻው ሲወርድ አንድ ጊዜ አየት ያደርጋትና «ይችስ አሮጌ ናት» ብሎ ወደ ሚቀጥለው ጀልባ ያልፋል። አጎቴ «ሞተሯ ጤነኛ፤ ሆዷ ጤነኛ፤ ምን ላድርግ፤ ሰው የሚሳፈረው በዓይኑ ነው» ይሉ ነበር።

በዚያን ጊዜ እኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርሁ፤ የምማረውም ኬሚስትሪ ነው። ለመንፈቀ ዓመት ዕረፍት እርሳቸው ዘንድ ስሄድ ጀልባይቱን ዞር ዞር ብዬ አየኋትና፤ «ጋሼ፤ ይኸ እኮ ቀላል ነገር ነው። የተበላሸው የላይኛው ፖሊመር ብቻ ነው፤ እርሱን ብንፍቀው ከሥሩ አዲሱ ይወጣል» አልኋቸው። አነጋገሬ የሊቅ ነበር። እርሳቸውም «ከሆነልህማ እሰየው፤ ለትንሣኤ እንግዳ ይመጣል» ብለው ፈቀዱልኝ። እኔም ከብየዳ ቤት የብረት መፋቂያ ግራይንደር ተዋስሁና የሱፍ መወልወያ ገጠምሁበት፤ መኪና ቀለም ከሚቀቡ ሰዎችም ሻካራ የሆነውን ኮምፓውንድ ገዛሁ፤ ከዚያም በጠራራ ፀሐይ ሥራዬን ጀመርሁ።

መጀመሪያ ላይ ነገሩ ደስ ያሰኝ ነበር። ማሽኑ ባለፈበት ሁሉ ሰማያዊው ቀለም እንደ መስተዋት ይወጣል። የሰፈር ልጆች ተሰብስበው ያደንቃሉ፤ እኔም በአድናቆታቸው ብዛት ማሽኑን አብዝቼ እጫነዋለሁ። ከአፍንጫዋ አጠገብ ካለው ጠርዝ ስደርስ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ፤ ማሽኑን ባነሣው ሰማያዊው የለም። በምትኩ የእጅ መዳፍ የሚያህል ብጫ ቦታ ወጥቶ፤ በውስጡ የብርጭቆው ክሮች እንደ ሸማ ድርና ማግ ተጠላልፈው ይታያሉ። ልጆቹ ዝም አሉ። አጎቴ መጥተው ቦታውን በጣታቸው ዳሰሱና ብዙ ጊዜ ሳይናገሩ ቆዩ። በኋላም፤ «አንተ ልጅ፤ አጥንቷን አወጣኸው እኮ» አሉኝ።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል። እኔ ግን ያፈሰስሁት የሚለቀም አልነበረም።

በማግሥቱ አጎቴ በጀልባ ጥገና ያረጁ አንድ ባለሞያ ይዘው መጡ። እኒያ ሰው የተማሩት በእጃቸው እንጂ በትምህርት ቤት አይደለም። ቦታውን አይተው አልተቆጡኝም፤ «ልጄ፤ የከብት ቆዳ ቢላጥ መልሶ ያድጋል፤ የጀልባ ቆዳ ግን አያድግም። የፋቅኸው ሁሉ ሄደ ማለት ነው» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያየሁትና ያነበብሁት ሁሉ ይኸንኑ ቃል የሚያስረዳ ሆኖ አገኘሁት።

ቆዳው ከምን ተሠራ?

ፋይበርግላስ ማለት ከቀለጠ ብርጭቆ የተፈተለ ቀጭን ክር ነው። ይኸ ክር እንደ ጨርቅ ተሸምኖ ወይም እንደ ምንጣፍ ተነጥፎ ሬዚን በሚባል ፈሳሽ ሙጫ ሲርስና ሲደርቅ፤ ቀላልና ብርቱ የሆነ አካል ይሆናል። በአሜሪካን አገር በኦሃዮ ግዛት ሬይ ግሪን የተባለው ጀልባ ሠሪ በ1942 እ.ኤ.አ. የሠራው ጀልባ፤ በዚህ ዓይነት ከተሠሩት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ሆኖ ይጠቀሳል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሥራው በየአገሩ ተስፋፋ።

አሠራሩ ከቤት አሠራር የተገለበጠ ነው። ቤት ሲሠራ ግድግዳው ይቀድማል፤ ቀለሙ ይከተላል። የፋይበርግላስ ጀልባ ሲሠራ ግን የሚቀድመው ቀለሙ ነው። በጀልባ ቅርጽ በተዘጋጀው ትልቅ ሻጋታ ውስጥ በመጀመሪያ ጄልኮት የሚባለው ቀለም ያለው ሬዚን ይረጫል፤ በእርሱ ላይ የብርጭቆው ጨርቅና ሙጫው በየተራ ይደረባል። ሁሉም ሲደርቅ ከሻጋታው ይወጣል። መጀመሪያ የተረጨው ጄልኮትም የውጭ ቆዳ ሆኖ ያብረቀርቃል።

እንግዲህ ልብ ማድረግ የሚገባው የዚህን ቆዳ ውፍረት ነው። ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ነው፤ አንዳንዱ ጥቂት ይበልጣል፤ አንዳንዱም ያንሳል። ጥቂት የወረቀት ቅጠሎች ቢደራረቡ የሚሆነውን ያህል ማለት ነው። በጠርዝና በማዕዘን ላይ ደግሞ ከዚያም ይሳሳል። ጀልባው ዕድሜውን ሁሉ የሚኖረው በዚህች ስስ ቆዳ ተሸፍኖ ነው። ፀሐይን የሚመክተው፣ ውሃን የሚከለክለው፣ መልክ የሚሰጠውም እርሷው ናት።

ፀሐይ ምን ታደርጋለች?

ብዙ ሰው ጀልባን የሚያረጀው ውሃ ይመስለዋል። ከውሃ መስመር በላይ ላለው ገጽ ግን ትልቁ ጠላት ፀሐይ ናት። ከፀሐይ ብርሃን ውስጥ አልትራቫዮሌት የሚባለው ለዓይን የማይታየው ጨረር ጄልኮቱን እየመታ የሬዚኑን ማያያዣ ይበጣጥሰዋል፤ የአየሩ ኦክሲጅንም ያግዘዋል። ማያያዣው ሲፈረካከስ የቀለሙ ቅንጣት ብቻውን ይቀራል። በእጅ ላይ የሚቀረው ዱቄት ይኸው ነው። ገጹም በዓይን በማይታዩ ጥቃቅን ጉድጓዶች ስለሚሞላ ብርሃኑን ወደ አንድ ወገን መመለሱን ትቶ ወዲያና ወዲህ ይበትነዋል፤ እኛም «ደበዘዘ» እንላለን።

በደጋ አገር ነገሩ የከፋ ነው። ሰው ከባሕር ወለል 1,000 ሜትር ከፍ ባለ ቁጥር የዚህ ጨረር ኀይል በመቶ 10 ያህል ይጨምራል። ጣና የሚገኘው ደግሞ ወደ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ከዚህም በቀር ባሕር ዳር ከምድር ወገብ ሩቅ ስላልሆነች፤ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፤ በሚያዝያና በነሐሴ፤ በቀትር ከአናት በላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች። የዓለም የጤና ድርጅት በአልትራቫዮሌት መለኪያው 11ንና ከዚያ በላይ ያለውን የመጨረሻው አደገኛ ደረጃ ይለዋል፤ ሰማዩ በጠራ ቀን የባሕር ዳር ቀትር ከዚያ ያልፋል። ለሰው ቆዳ ጥላና ባርኔጣ ካስፈለገው፤ ለጀልባስ ቆዳ እንዴት አያስፈልገውም?

ይኸን ነገር የአገራችን ታንኳ ባለቤቶች በራሳቸው መንገድ ያውቁታል። የጣና ታንኳ የሚታሰረው ከደንገል ነው። ባለቤቱ ሥራውን ሲጨርስ በውሃ ላይ አይተወውም፤ ጎትቶ ያወጣውና በዳርቻ ላይ አቁሞ ያደርቀዋል። ይኸንን ካላደረገ ደንገሉ ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል፤ ቶሎም ይበሰብሳል። ይኸ ሁሉ ትጋት ከጥቂት ወራት በኋላ በአዲስ ለሚተካ ታንኳ ነው። ለብዙ ዓመታት እንዲያገለግል በብዙ ገንዘብ የተገዛውን ፋይበርግላስ ግን «አይበሰብስ፤ አይዝግ» ብለን ለፀሐይ እንሰጠዋለን።

በሽታው ሳይታወቅ መድኃኒት አይታዘዝም

ወደ ሥራው ከመግባት በፊት የሕመሙን መጠን መመርመር ያስፈልጋል። እኒያ ባለሞያ ያሳዩኝ ምርመራ ማንም ሊያደርገው የሚችል ነው። በመጀመሪያ ጥቁር ጨርቅ ወስደው ገጹን አበሱ፤ ጨርቁ ላይ ዱቄት ወጣ። ቀጥለው በእፍኝ ውሃ አፈሰሱበት፤ ሰማያዊው ቀለም ወዲያው ደምቆ ወጣ። ውሃው ጥቃቅኑን ጉድጓድ ስለሚሞላ ነው። «ሲርስ ወጣት፤ ሲደርቅ ሽማግሌ የሚሆን ጀልባ ገና ይድናል» አሉኝ። በውሃም ርሶ መልኩ ካልተመለሰ፤ ወይም ከሥሩ የክር ድር መታየት ከጀመረ፤ ቆዳው አልቋልና መወልወል አይረዳውም፤ አዲስ ጄልኮት ወይም ቀለም ያሻዋል።

ከምርመራው በኋላ መታጠብ ይከተላል። ለስላሳ ስፖንጅ፣ ንጹሕ ውሃና ቀላል ፈሳሽ ሳሙና ይበቃል። የድስት መፈግፈጊያ ዱቄትና የሽቦ መፈግፈጊያ ክልክል ነው፤ ይጭረዋልና። አንዳንድ ሰው በናፍጣ ወይም በላምባ ሲወለውል አይቻለሁ። እርግጥ ነው፤ ለአንድ ቀን ያብለጨልጫል። ነገር ግን ያ ብልጭታ ቅባት እንጂ ጤና አይደለም፤ በማግሥቱ አቧራ ይሰበስባል፤ ትርፉም ወደ ሐይቁ ይወርዳል። ጣና በ2011 እ.ኤ.አ. በይፋ ከታወቀው ከእምቦጭ አረም ጋር ብዙ የታገለ ሐይቅ ነው፤ በላዩ ላይ ሳሙናና ናፍጣ ልንጨምርበት አይገባም። ስለዚህ ጀልባን ማጠብም ሆነ መፋቅ ከውሃው ዳር ራቅ አድርጎ በየብስ ላይ ነው።

የመፋቅ ሥራ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። ሕጉ አንድ ነው፤ ከሁሉ በለዘበው ጀምር፤ እርሱ ካልበቃ ብቻ ወደ ሻካራው ሂድ። እኔ የሠራሁት ይኸንን ገልብጬ ነበር።

ዱቄቱ ጥቂት ከሆነ ፖሊሽ የሚባለው ለስላሳ ቅባት ብቻውን ይበቃዋል። ከበረታ ኮምፓውንድ ያስፈልገዋል፤ ይኸውም በውስጡ ደቃቅ መፋቂያ ያለበት ቅባት ነው። እጅግ ከባሰ ብቻ በውሃ የሚሠራው የብርጭቆ ወረቀት ይታዘዝለታል። ቁጥሩ 800 ወይም 1000 ከሆነው ይጀመርና ወደ 1500፣ ቢቻልም ወደ 2000 እየለሰለሰ ይሄዳል። ወረቀቱ በጣት ጫፍ ሳይሆን በላስቲክ ወይም በእንጨት ቁራጭ ላይ ተጠቅልሎ ይያዛል፤ ጣት ቦይ ያወጣልና። እኒያ ባለሞያ ከመፋቃቸው በፊት ገጹን በእርሳስ ይሞነጫጭሩታል፤ የእርሳሱ ምልክት ሲጠፋ እጃቸውን ያነሣሉ። «የት እንደምታቆም ሳታውቅ አትጀምር» የሚሉት ነገር ነበራቸው።

ስለ ማሽኑም መናገር ይገባኛል፤ የተሳሳትሁት በእርሱ ነውና። የብየዳ ሠራተኞች ግራይንደር በደቂቃ ወደ 11,000 ጊዜ ያህል ይዞራል። ለዚህ ሥራ የተዘጋጀው የፖሊሽ ማሽን ግን የሚሠራው በደቂቃ ከ1,000 እስከ 2,000 ባለው ዙር ነው። ፍጥነት ሙቀትን ይወልዳል፤ ሙቀትም ጄልኮቱን ያቃጥለዋል። ማሽኑ ሳይቆም ዘወትር መንቀሳቀስ አለበት፤ ክብደቱ ይበቃዋልና መጫን አያስፈልግም። ሥራው በግማሽ ሜትር አራት ማዕዘን እየተከፈለ፤ አንዱ ሳያልቅ ወደ ሌላው ሳይታለፍ ይሠራል። ጠርዝና ማዕዘን ሁሉ አስቀድሞ በወረቀት ፕላስተር ይሸፈናል፤ እርሱ በመጨረሻ በእጅ ይሠራል። ሰዓቱም ቀትር አይደለም፤ ጀልባው በጥላ ሥር ሆኖ ገጹ ለእጅ ሲቀዘቅዝ ነው፤ ይኸውም ከጧቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ወይም ከፀሐይ መግቢያ በፊት። በጋለ ገጽ ላይ ቅባቱ ሥራውን ሳይጨርስ ደርቆ ይጣበቃል።

የሠራተኛውም ጤና አይረሳ። የደረቀ ጄልኮትና የብርጭቆ ክር ብናኝ ለሳንባ ክፉ ነው፤ ቆዳንም ያሳክካል። አፍና አፍንጫን የሚሸፍን ጭምብል፣ የዓይን መከላከያ መነጽርና ረጅም እጅጌ ያለው ልብስ ያስፈልጋል። በውሃ መፋቅ የሚመረጠው ብናኙንም ስለሚቀንስ ነው።

ሰሙና ወርቁ

መፋቁ ሲያልቅ ገጹ ያብረቀርቃል፤ ብዙ ሰውም እዚህ ላይ ዕቃውን ሰብስቦ ወደ ቤቱ ይገባል። ትልቁ ስሕተት ይኸ ነው። አዲስ የተፋቀ ገጽ ራቁቱን ነው። ካልተሸፈነ በጥቂት ወራት መልሶ ይደበዝዛል፤ ባለቤቱም እንደ ገና ይፍቀዋል፤ እንዲህ እየተባለ ያች ግማሽ ሚሊሜትር በጥቂት ዓመታት ታልቃለች። ጀልባን በየዓመቱ እየፋቁ ማሳመር ከዋናው ገንዘብ እያወጡ መደገስ ማለት ነው።

መሸፈኛው ሰም ነው። ለዚህ ሥራ እጅግ የተመሰገነው ካርናውባ የሚባለው ነው፤ የሚገኘውም በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ከሚበቅል የዘንባባ ዓይነት ቅጠል ነው። ዛፉ ራሱን ከፀሐይና ከድርቅ ለመጠበቅ ቅጠሉን በሰም ይቀባል፤ ሰዎችም ቅጠሉን ቆርጠው አድርቀው ሰሙን ያራግፉታል። አጎቴ ይኸን ሲሰሙ፤ «ታዲያ የእኛ የንብ ሰም ምን አነሰው? ጧፍ ሆኖ ሲያበራ የኖረ ነው» አሉ። ባለሞያውም ሳቅ ብለው፤ «የንቡማ መልካም ነበር፤ ግን ለስላሳ ነው፤ ፀሐይ ሲነካው ይላላና አቧራ ይይዛል» ሲሉ መለሱላቸው። ነገሩ እውነት ነው። የንብ ሰም ከ60 ዲግሪ ጥቂት ከፍ ሲል ይቀልጣል፤ ካርናውባ ግን ከ80 ዲግሪ በላይ ይታገሣል። በዛሬው ጊዜ በፋብሪካ የሚዘጋጁ ፖሊመር የሆኑ መሸፈኛዎችም አሉ፤ ከሰም ይልቅ የሚቆዩ ናቸው። ሲሊኮን ያለባቸውን ግን በጥንቃቄ መያዝ ይገባል፤ በኋላ ቀለም ወይም ጄልኮት መቀባት ቢያስፈልግ አላስይዝ ይላሉና።

አቀባቡ ቀላል ነው። ስስ አድርጎ መቀባት፤ ደርቆ ጉም እስኪመስል ጥቂት መጠበቅ፤ ከዚያም በንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ መወልወል። በብዙ እጥበት የለሰለሰ አሮጌ ነጠላ ለዚህ ሥራ አቻ የለውም። አወፍሮ መቀባት ትርፉ ድካም ነው። ሰሙ መኖሩን የሚነግረን ውሃ ነው፤ የተረጨው ውሃ እንደ ዶቃ ተንከባሎ ከወረደ ሰሙ አለ፤ ጠፍጣፋ ሆኖ ከተኛ ግን አልቋል። በእኛ ፀሐይ በየሦስት ወይም በየአራት ወሩ መታደስ ይገባዋል፤ ቢያንስ ግን ከክረምት በፊት በግንቦት፤ ከክረምትም በኋላ በመስከረም መጨረሻ።

በቅኔያችን ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ ወርቁ ይቀራል። በጀልባም እንዲሁ ነው። ፀሐይ የምትበላው ነገር መቸም አታጣም፤ ሰሙን ካላስቀደምንላት ወርቁን ትበላለች። ሰም በየጊዜው ቢያልቅ በየጊዜው ይተካል፤ ጄልኮት ግን አይተካም። የጥበቃው ምሥጢር ሁሉ በዚህ ያልቃል።

ሁለት ማስጠንቀቂያ ልጨምር። አንደኛ፤ ሰው በሚረግጠው ወለል ላይ ሰም አይቀባም። ወለሉ ሻካራ ሆኖ የተሠራው እግር እንዳያንሸራትት ነው፤ ለማስዋብ ብሎ ሰም የቀባበት ሰው እናቶችንና ሽማግሌዎችን ወደ ሐይቅ ሊጥል ይችላል። ሁለተኛ፤ ከውሃ መስመር በታች ያለው ሆድ ሕመሙ ሌላ ነው። ዘወትር በውሃ ውስጥ የሚቆም ፋይበርግላስ ውሃ ቀስ በቀስ ሰርጎት እንደ እሳት ቃጠሎ ውሃ ይቋጥራል፤ በጨው አልባ ውሃ ደግሞ ይኸ ይበልጥ ይታያል። የቋጠረው ሲፈነዳ እንደ ኮምጣጤ የሚሸት ውሃ ይወጣዋል። ለዚህ ሰም አይጠቅመውም፤ ጀልባውን አውጥቶ በደንብ ማድረቅና ለባለሞያ ማሳየት ነው።

ከሁሉም የሚረክሰው መድኃኒት ግን ጥላ ነው። ሥራ በማይኖርበት ቀን በሣር የተከደነ ዳስ ወይም ሸራ ጀልባን ከብዙ ወጪ ያድነዋል። ሸራው አየር የሚያስገባ ይሁን፤ በነፋስም እየተርገበገበ ገጹን እንዳይፍቀው ጠበቅ ተደርጎ ይታሰር። የአጎቴ ጀልባ በእነዚያ ወራት አንድ አሮጌ ሸራ ለብሳ ቢሆን ኖሮ፤ የእኔን ግራይንደር ባላየች ነበር።

ጠባሳው

የእኔ ጥፋት እንዴት እንደ ተጠገነ ሳልናገር ባልፍ አንባቢ ይቀየመኛል። እኒያ ባለሞያ ቦታውን በወረቀት አስተካክለው ፋቁ፤ በአሴቶን ጠረጉ፤ ሰማያዊ ቀለም የገባበትን ጄልኮት ከማጠንከሪያው ጋር፤ ከመቶው እጅ ሁለት ያህል፤ ቀላቀሉ። ማጠንከሪያውን ሲይዙ መነጽራቸውን አጠለቁ፤ ጠብታው ዓይን ውስጥ ቢገባ ሊያሳውር ይችላልና። ከቀቡትም በኋላ በላስቲክ ሸፈኑት። አየር የነካው ጄልኮት ላዩ እየተጣበቀ አልደርቅ ስለሚል ነው። በማግሥቱ ላስቲኩን አንሥተው ከሻካራ ወደ ለስላሳ እየፋቁ አስተካከሉት፤ ቀሪውንም ገጽ ሁሉ እኔው በእጄ፤ በቀስታ፤ በስድስት ጧት ወልውዬ ሰም ቀባሁት። ግራይንደሩ ወደ ብየዳ ቤቱ ተመለሰ።

ለትንሣኤ ጀልባይቱ ደርሳ ነበር። ተሳፋሪ እያያት «ይችስ አዲስ ናት» ሲል በጆሮዬ ሰማሁ። ነገር ግን ከአፍንጫዋ አጠገብ የተለጠፈው ሰማያዊ ከአሮጌው ጥቂት ይጠቁራል፤ ለዓመታት በፀሐይ የነጣን ቀለም በአዲስ ማመሳሰል እጅግ አስቸጋሪ ነው። እኔ ተመርቄ ሥራ ይዤ ባለፈው ጊዜ ስሄድ «ጋሼ፤ አሁን እንኳ ሙሉውን አስቀባልዎታለሁ» አልኋቸው። እርሳቸውም ጠባሳውን በእጃቸው መታ መታ እያደረጉ፤ «ተወው፤ የሚያስቀባ ነገር የላትም። ይልቅስ ያን ሰም ላክልኝ» አሉኝ።

እንግዲህ ጀልባ ያላችሁ ወገኖቼ፤ በጣናም ሆነ በሐዋሳ፣ በዝዋይም ሆነ በጫሞ፤ ነገሩ ይኸው ነው። ጀልባችሁን በጥላ አስቀምጡት፤ በለዘበ ነገር እጠቡት፤ ሰሙን በየጊዜው አድሱለት፤ መፋቅን ግን ከስንት አንድ ጊዜ ብቻ፤ ያውም በትዕግሥት አድርጉት። ጀልባ የሌላችሁም ብትሆኑ በየቤታችሁ እንዲህ ያለ ስስ ቆዳ ያለው ዕቃ አይታጣም፤ የመኪናው ቀለም፣ የወንበሩ ቫርኒሽ፣ የበሩ ቅብ ሁሉ የሚኖረው በዚሁ ሕግ ነው። ብልጭታን በአንድ ቀን ፍቆ ማውጣት ቀላል ነው፤ አንድ ጧት ብቻ የሚበቃው የሰም ቅብ ግን ብልጭታውንም ቆዳውንም ያቆያል። ሳይቃጠል በቅጠል።